ሊስት ለምን ቁልፍ መሆን አይችልም? ስለ ሃሽ፣ ስለ እኩልነትና ስለ ጠፉ ፋይሎች

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴን ለማገዝ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት መስኮት ላይ ግማሽ ቀን ቆሜ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስማቸውን ጠይቀው፣ በትክክል ሰምተው፣ «ሰ» የሚል ወረቀት ወደተለጠፈበት መደርደሪያ ሄዱና ቦክስ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ካገላበጡ በኋላ «እትዬ፣ በስምዎ የተከፈተ ፋይል የለም» ብለው ተመለሱ። ፋይሉ ግን ነበረ። ከዓመታት በፊት የከፈተው ሰው ስማቸውን በንጉሡ «ሠ» ስለጻፈው፣ በፊደል ተራ ከ«ረ» ወዲያ ማዶ ባለው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሠራተኛው ደንባቸውን ተከትለው ነበር የፈለጉት፤ ለጆሮ አንድ የሆነው ስም ግን ለመደርደሪያው ሁለት ሆኖ ኖሯል።

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ይህንኑ ችግር በሌላ መልክ ያገኘዋል። ፓይተን የሚማሩ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚገጥሟቸው የስሕተት መልእክቶች አንዱ «አንሃሸብል ታይፕ፦ ሊስት» የሚለው ነው፤ «ሊስት የተባለው የዳታ ዓይነት ሃሽ ሊደረግ አይችልም» ማለቱ ነው። ብዙዎች መልእክቱን ሲያዩ ሊስቱን፣ ማለትም የሚለወጠውን ዝርዝር፣ ወደ ተፕል፣ ማለትም ከተሠራ በኋላ ወደማይለወጠው ዝርዝር፣ ይቀይሩና ያልፋሉ። ለምን እንደተከለከለ የሚጠይቁትም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ሊስት ስለሚለወጥ ነው» የሚል ነው። ይህ ግማሽ መልስ ነው። ሊለወጡ እየቻሉ ሃሽ የሚደረጉ ነገሮች፣ ሊለወጡ ሳይችሉም ሃሽ የማይደረጉ ነገሮች እዚያው ፓይተን ውስጥ አሉና።

ሃሽ ማድረግ ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ ደብተር ላይ እንደመጡ የተጻፉ 10,000 ስሞች አሉ እንበል። ከመካከላቸው አንዱን ለማግኘት ከላይ ጀምሮ ማንበብ ግድ ነው፤ ዕድል ካልረዳ እስከ መጨረሻው ገጽ ያስኬዳል። መዝገብ ቤት ከዚህ ድካም የሚያመልጠው ቦታውን ከስሙ ከራሱ በማውጣት ነው፦ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል አይቶ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ኮምፒውተርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ልዩነቱ በመጀመሪያው ፊደል ፈንታ ከመላው ስም አንድ ቁጥር አስልቶ ማውጣቱ ነው። ስሌቱ የሃሽ ፈንክሽን፣ የሚወጣው ቁጥር ሃሽ፣ ነገሮቹ የሚቀመጡባቸው መሳቢያዎች ስብስብ ደግሞ ሃሽ ቴብል ይባላል። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተን ዲክሽነሪ፣ ጃቫ ሃሽማፕ፣ ጎ ማፕ የሚሏቸው ውስጣቸው ሲታይ ይኸው ነው። የምንፈልግበት ነገር ቁልፍ ይባላል፤ በመዝገብ ቤታችን ስሙ ቁልፍ ነው፣ ፋይሉ ደግሞ በቁልፉ የሚገኘው እሴት። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 በጻፈው የውስጥ ማስታወሻ አስፍሮታል።

ስሌቱን አንድ ጊዜ በእጅ መሥራት ብዙ ነገር ያጠራል። ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት ሃሌታው «ሀ» 4608ን ይዞ ሌሎቹ ተከትለውታል። «ጣ» 4899 ነው፣ «ና» ደግሞ 4755። ጃቫ የጽሑፍን ሃሽ የሚያወጣው እስካሁን የተገኘውን ቁጥር በ31 እያባዛ የቀጣዩን ፊደል ቁጥር በመደመር ነው፤ ስለዚህ የ«ጣና» ሃሽ 4899 በ31 ተባዝቶ 4755 ሲደመርበት፣ ማለትም 156,624 ይሆናል። ቴብሉ 16 መሳቢያዎች ቢኖሩት ይህን ቁጥር ለ16 አካፍለን ቀሪውን እንወስዳለን። ቀሪው 0 ነው፤ «ጣና» በዜሮ ቁጥር መሳቢያ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጃቫ በተግባር ከዚህ በፊት ቁጥሩን ጥቂት ያማስለዋል፤ ነገሩን ለመረዳት ግን ይህ ይበቃናል። መሳቢያዎቹ 16 ይሁኑ 16 ሚሊዮን፣ አንድን ስም ለመፈለግ የሚያስፈልገው ሥራ ያው ነው፤ ሃሽ ቴብል በአብዛኞቹ ዘመናዊ ቋንቋዎች ውስጥ የገባውም ለዚሁ ነው።

ሁለት ቁልፎች አንድ ቁጥር ቢያገኙስ?

ያገኛሉ። «ጤቴ» የሚል ትርጉም የለሽ ቃል ጻፉና አስሉ፦ 4900 በ31 ሲባዛ 151,900 ነው፤ የ«ቴ» ቁጥር 4724 ሲደመርበት 156,624 ይሆናል፤ ልክ እንደ «ጣና»። የሃሽ ቁጥሮች ብዛት የተወሰነ ነው፤ ሊጻፉ የሚችሉ ቃላት ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ ስለዚህ መጋጨት የማይቀር ነው። በፓይተን ደግሞ የ‑1ም የ‑2ም ሃሽ ‑2 ሆኖ እናገኘዋለን፤ ምክንያቱ ተራ የቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፣ ፓይተን የተጻፈበት የሲ ቋንቋ ኮድ ‑1ን «ስሕተት ተፈጥሯል» ለሚለው ምልክት ስላስቀረው ነው።

መጋጨት ጥፋት የማይሆነው ፍለጋው ሁለት ደረጃ ስላለው ነው። ሃሹ ወደ ትክክለኛው መሳቢያ ይመራል፤ መሳቢያው ውስጥ የተገኘው ቁልፍ በእርግጥ የምንፈልገው መሆኑን የሚለየው ግን የእኩልነት ማወዳደሪያው ነው። ሠራተኛው ወደ «ሰ» መደርደሪያ ከሄዱ በኋላ በእያንዳንዱ ፋይል ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ስም እንደሚያነቡት ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ የሚወጣው ከሁለቱ፣ ማለትም ከሃሹና ከእኩልነቱ ስምምነት ነው።

ስምምነቱ ምንድን ነው?

ሁለት ግዴታዎች አሉት። የመጀመሪያው፦ ሁለት ነገሮች እኩል ናቸው ከተባለ ሃሻቸው አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው፦ አንድ ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ እስካለ ድረስ ሃሹ መለወጥ የለበትም። የመጀመሪያው ግዴታ ወደ ኋላ አይነበብም፤ ሃሻቸው አንድ የሆነ ሁሉ እኩል ይሁን አይልም፤ «ጣና»ና «ጤቴ» አይተናል።

የጎረቤቴ ፋይል የተሰወረው የመጀመሪያው ግዴታ ስለፈረሰ ነው። ይህ በእኛ ፊደል በቀላሉ የሚደርስ ነገር ነው። አንድ ፕሮግራመር ስሞችን የሚያወዳድርበትን ዘዴ አሻሽሎ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ»፣ ሐመሩን «ሐ» ከብዙኃኑ «ኀ»፣ ጸሎቱን «ጸ» ከፀሐዩ «ፀ» ጋር እኩል አደረገ እንበል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ «ንጉሥ» ብሎ የጻፈም «ንጉስ» ብሎ የጻፈም ያንኑ ሰው ማግኘት አለበት። ነገር ግን ሃሹን እንደነበረ ተወው። ከላይ ባየነው ስሌት «ንጉሥ» 4,727,185 ሲሆን «ንጉስ» 4,727,201 ነው። ልዩነታቸው በትክክል 16 ነው፤ ምክንያቱም በዩኒኮድ የ«ሠ» ቤትና የ«ሰ» ቤት 16 ቁጥር ይራራቃሉ።

ይህች 16 ተንኮለኛ ናት። ለማስተማሪያ በእጅ በተጻፈ፣ 16 መሳቢያዎች ባሉት ቀላል ቴብል ሁለቱም ቃላት ቀሪያቸው 1 ስለሆነ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይገቡና ፕሮግራሙ ትክክል ይመስላል። ስሞቹ በዝተው መሳቢያዎቹ ወደ 32 ሲያድጉ ግን «ንጉሥ» ወደ 17ኛው ቁጥር ይሄዳል፣ «ንጉስ» በ1 ይቀራል። ጃቫ 16 መሳቢያ ይዞ ይጀምርና ከ12 በላይ ቁልፍ ሲገባበት ወደ 32 ያድጋል፤ ፓይተንም በራሱ መጠን እንዲሁ ያድጋል። እውነተኛዎቹ ቴብሎች ስሙን ከማወዳደራቸው በፊት ሙሉውን የሃሽ ቁጥር ስለሚያነጻጽሩ ስሕተቱ ቶሎ ይታይባቸዋል። በእጅ በተሠራው ግን በአሥር ስም የተፈተነው ሁሉ ያልፋል፤ መቶኛው ስም ሲገባ አንድ ሰው ከመዝገብ ይጠፋል።

መፍትሔው ከሃሹ በፊት ስሙን ወደ አንድ ወጥ አጻጻፍ መመለስ ነው፤ ሞክሼ ፊደላቱን ሁሉ ወደ አንዱ አምጥቶ ሃሹንም እኩልነቱንም ከዚያ ማውጣት። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለቱ ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አለመሆኑን ነው። ሃሹ «ሠ»ንና «ሰ»ን አንድ አድርጎ እኩልነቱ ቢለያያቸው የሚመጣው ጉዳት መጠነኛ መዘግየት ብቻ ነው፤ እኩልነቱ አንድ አድርጎ ሃሹ ቢለያያቸው ግን ፋይል ይጠፋል። ጎረቤቴ በዚያን ቀን አዲስ ፋይል ቢከፈትላቸው ኖሮ ደግሞ ለአንድ ሰው ሁለት ፋይል ይሆን ነበር፤ በፕሮግራምም ውጤቱ ይኸው ነው፣ አንዱ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል።

ቀን አቆጣጠራችንም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል። ጥር 11 ቀን 2017 እና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 አንድ ዕለት ናቸው፤ የዚያ ዓመት ጥምቀት ነው። ሁለቱን አቆጣጠሮች እኩል የሚያይ የቀን ዓይነት የሚሠራ ሰው ሃሹን ከቀን፣ ከወርና ከዓመት ቁጥሮቹ ቢያወጣ የመጀመሪያውን ግዴታ ያፈርሳል። ሁለቱንም ወደ አንድ የዕለታት ቆጠራ መልሶ ከዚያ ማውጣት አለበት። ፓይተን ራሱ ይህን ግዴታ ተሸክሟል፦ በእርሱ ዘንድ ሙሉ ቁጥር 1፣ ነጥብ ያለው 1.0 እና «እውነት» የሚለው ትሩ እኩል ስለሆኑ የሦስቱም ሃሽ 1 ነው። ሦስቱን በአንድ ዲክሽነሪ ቁልፍ ያደረገ ሰው የሚያገኘው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ግር ያሰኛል፣ ግን ከስምምነቱ የወጣ ነው።

ታዲያ ሊስት ምን አጠፋ?

በጣና ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን መስመር የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም እንጻፍ። መስመሩ የማረፊያዎች ዝርዝር ነው፦ ባሕር ዳር፣ ክብራን፣ ዘጌ። ይህን ሊስት ቁልፍ፣ የተሳፋሪውን ቁጥር እሴት ማድረግ እንፈልጋለን። ፓይተን እምቢ ይላል። እምቢታውን ለመረዳት ፓይተን ፈቅዶ ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር መመልከት ይሻላል።

ፓይተን ሁለት ሊስቶችን የሚያወዳድረው በይዘታቸው ነው፤ እኔ የጻፍኩት «ባሕር ዳር፣ ክብራን፣ ዘጌ» እና እናንተ በሌላ ቦታ የጻፋችሁት «ባሕር ዳር፣ ክብራን፣ ዘጌ» እኩል ናቸው። ሃሹን ከይዘቱ እናውጣ። መስመሩ ለምሳሌ 5ኛው መሳቢያ ገባ። ከዚያ በፕሮግራሙ ሌላ ጥግ ያለ ኮድ፣ ሊስቱ ቁልፍ መሆኑን ሳያውቅ፣ በዚያው ሊስት ላይ «ደቅ»ን ጨመረበት። አሁን ባለአራት ማረፊያውን መስመር ብንፈልግ ስሌቱ ወደ ሌላ መሳቢያ፣ ለምሳሌ ወደ 11ኛው ይልከናል፤ እዚያ ምንም የለም። የድሮውን ባለሦስት ማረፊያ መስመር አዲስ ጽፈን ብንፈልግ ወደ 5ኛው እንሄዳለን፤ መሳቢያው ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ግን አራት ማረፊያ ስላለው እኩል አይደለም። ቁልፉ በየትኛውም በር አይገኝም። ዲክሽነሪው ስንት ነገር እንደያዘ ብንጠይቀው ግን ይቆጥረዋል፤ ሁሉንም አሳየን ስንለው ያሳየናል። አለ፣ ግን አይገኝም።

ሌላኛው መንገድ ሃሹን ከይዘቱ ትቶ ከማንነቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ካስቀመጠበት ቦታ ማውጣት ነው። ያን ጊዜ ሊስቱ ቢለወጥም ሃሹ አይናወጥም። ነገር ግን እኔና እናንተ የጻፍናቸው ሁለት እኩል መስመሮች የተቀመጡበት ቦታ ስለሚለያይ ሃሻቸውም ይለያያል፤ የመጀመሪያው ግዴታ ፈረሰ። ይዘትን ብንከተል ሁለተኛውን ግዴታ፣ ማንነትን ብንከተል የመጀመሪያውን እናፈርሳለን።

ሁለቱንም የማያፈርስ አንድ የቀልድ መፍትሔ አለ፦ ለሁሉም ሊስት 7 የሚል ሃሽ መስጠት። ሕጉን አያፈርስም፤ ሁሉም ሊስት ግን በአንድ መሳቢያ ይታጨቅና ወደ ደብተሩ፣ አንድ በአንድ ወደ ማንበቡ እንመለሳለን። ፓይተን ከእነዚህ ከማናቸውም ይልቅ መከልከልን መረጠ።

የሚለወጥ ሆኖ ሃሽ የሚደረገውስ?

ፕሮግራመሩ «ጀልባ» የሚል የራሱን ክላስ፣ ማለትም የራሱን የዳታ ዓይነት፣ ቢሠራና ስለ እኩልነት ምንም ባይናገር፣ ፓይተን ሁለት ጀልባዎችን እኩል የሚላቸው በትክክል አንዱ ኦብጀክት፣ ማለትም ሜሞሪ ውስጥ ያለ አንዱ ነገር፣ ከሆኑ ብቻ ነው። ስማቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ጀልባዎች ሁለት ናቸው፤ በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ሁለት እንደሆኑ ሁሉ። እኩልነቱ በማንነት ስለሆነ ሃሹም በማንነት ይሆናል፤ ሁለቱ ይስማማሉ። ስለዚህ የጀልባው የተሳፋሪ ቁጥር በየሰዓቱ ቢለዋወጥም ጀልባው ቁልፍ መሆን ይችላል። ፕሮግራመሩ «ታርጋቸው አንድ ከሆነ እኩል ናቸው» ብሎ የራሱን እኩልነት የጻፈ ዕለት ግን ፓይተን 3 የድሮውን ሃሽ ይነሣዋል፤ አዲሱን እኩልነት የሚከተል ሃሽ ራሱ እስኪጽፍ ድረስ ጀልባው ቁልፍ አይሆንም። ጀማሪን የሚያበሳጭ ጥብቅነት ነው፤ እኔ ግን ከፓይተን ብልህ ውሳኔዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በተቃራኒው ተፕል ከተሠራ በኋላ አይለወጥም፤ ሃሹ የሚወጣው ግን ከውስጡ ካሉት ነገሮች ሃሽ ነው። በውስጡ ሊስት ካለ ተፕሉም ሃሽ አይደረግም። የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ያለ ደብተር አሁንም ሊጻፍበት ይችላል።

ሌሎች ቋንቋዎች ለምን ሊስትን ይፈቅዳሉ?

«የሚለወጥ ነገር ቁልፍ አይሆንም» የሚለው የተፈጥሮ ሕግ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቋንቋ እንደ ፓይተን በከለከለ ነበር። ጃቫ አይከለክልም። በጃቫ ሃሽ የማውጣት ችሎታ ለእያንዳንዱ ኦብጀክት ከመጀመሪያው የተሰጠ ነው፤ የጃቫ ሊስትም ከይዘቱ ሃሽ ያወጣል። ከላይ የተረክሁት የደቅ ታሪክ በጃቫ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይፈጸማል። ቋንቋው ስምምነቱን በሰነዱ ላይ ጽፎ መጠበቁን ለፕሮግራመሩ ትቶታል፤ እኩልነቱን ቀይሮ ሃሹን መቀየር የረሳም የሚያገኘው ጸጥታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በጃቫ 16 የጸናው ሬከርድ የተባለው ዓይነት ሁለቱንም አብሮ በራሱ ስለሚጽፍ ይህን መርሳት አቃልሎታል።

ጎ ደግሞ ጉዳዩን ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ለሚተረጉመው ለኮምፓይለሩ ሰጥቶታል። ርዝመቱ የሚያድገው ስላይስ፣ ማፕና ፈንክሽን ቁልፍ ከሆኑ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ ይከለከላል፤ ርዝመቱ የተወሰነው አሬይ ግን ይፈቀዳል። አንዲት ቀዳዳ ግን አለች፦ ቁልፉ ኢንተርፌስ፣ ማለትም የተለያየ ዓይነት እሴት ሊይዝ የሚችል፣ ተብሎ ከታወጀ ውስጡ ስላይስ መኖሩ የሚታወቀው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜም ይቋረጣል።

ከሁሉም ትምህርት የሚሰጡኝ ስዊፍትና ራስት ናቸው፤ ሁለቱም ሊስትን የመሰለውን ዓይነት ቁልፍ እንዲሆን ይፈቅዳሉ፣ ችግሩም አይደርስባቸውም። በስዊፍት አሬይ ወደ ዲክሽነሪ ሲገባ የሚገባው እንደ ቅጂ ነው፤ ደጅ የቀረውን ብትለውጡት ውስጥ የገባው አይነካም። በራስት ቁልፉ ሲገባ ባለቤትነቱ አብሮ ይተላለፋል፤ ሰጪው ከዚያ በኋላ በእጁ ምንም የለውም፤ ከቴብሉ መልሶ የሚያገኘውም ለማንበብ እንጂ ለመለወጥ የማይፈቅድ መዳረሻ ነው። ሆን ብሎ ይህን አጥር የሚዘልል መሣሪያ ካልተጠቀመ በቀር ቁልፉን ማንም አያናውጠውም። ሩቢም በመጠኑ ወደዚህ ይጠጋል፤ ጽሑፍ ቁልፍ ሲሆን ቀድቶ ቅጂውን እንዳይለወጥ ያደርገዋል፤ አሬይን ግን እንዳለ ይቀበላል፣ ከተለወጠም መሳቢያዎቹን እንደገና የሚያስላ ትእዛዝ አዘጋጅቷል።

ስለዚህ በፓይተን የሊስት ጥፋት መለወጡ ብቻ አይደለም። ፓይተን አንዱን ሊስት ብዙ ስሞች እንዲጋሩት ይፈቅዳል፤ ዲክሽነሪው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን ሊስት ሌላ ሰው ከውጭ ሆኖ ጫፉን ይዞታል። መለወጥና መጋራት ሲገናኙ ነው ቁልፉ የሚሰበረው። ፓይተን መጋራትን ማስቀረት ስለማይችል መለወጥን ከለከለ፤ ራስት መለወጥን ሳይከለክል መጋራትን ተቆጣጠረ። ጃቫስክሪፕት በበኩሉ ማፕ በሚባለው ውስጥ ኦብጀክትን ሁሉ በማንነቱ ብቻ በማወዳደር ከጥያቄው ወጥቷል፤ ዋጋው ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት አሬዮች ሁልጊዜ ሁለት ቁልፍ መሆናቸው ነው።

ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ለምን ያስቸግራሉ?

የጀልባ ማረፊያዎችን በካርታ ላይ ባሉበት ነጥብ፣ በኬክሮስና በኬንትሮስ፣ ቁልፍ ማድረግ የተለመደ ፍላጎት ነው። ባሕር ዳር በግምት 11.6 ሰሜን፣ 37.4 ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ኮምፒውተር ግን ነጥብ ያለውን ቁጥር በ0 እና በ1 ብቻ በሚጻፍ የሁለት ቤት አጻጻፍ ስለሚይዘው 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.3 ሳይሆን 0.30000000000000004 ይሰጣሉ። በሁለት የተለያዩ ስሌቶች የተገኘ አንድ ቦታ ሁለት ቁልፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። «ቁጥር አይደለም» የሚለው ናን የተባለው እሴት ደግሞ ከራሱም ጋር እኩል አይደለም፤ ከራሱ ጋር እኩል ያልሆነን ነገር በእኩልነት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ራስት በዚህ ምክንያት ነጥብ ያላቸውን ቁጥሮች ቁልፍ ከመሆን ጭራሽ አግዷቸዋል። ፓይተን ይፈቅዳል፤ ጥንቃቄውን ለእኛ ትቶ።

የሃሹ ቁጥር በየቀኑ ለምን ይለያያል?

ከዓመታት በፊት የቦታ ስሞችን ሃሽ በፓይተን አውጥቼ እንደ መለያ ቁጥር በፋይል አስቀመጥሁ። በማግስቱ ፕሮግራሙን ሳስነሣ ከተቀመጡት አንዱም አልገጠመም። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ከፓይተን 3.3 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የጽሑፍ ሃሽ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በምሥጢር በሚመረጥ አዲስ ቁጥር እንደሚማሰል አላነበብሁም ነበር።

ምክንያቱ የደኅንነት ነው። «ጣና»ንና «ጤቴ»ን በእጃችን እንዳጋጨናቸው ሁሉ፣ ስሌቱን የሚያውቅ ተንኮለኛ አንድ ሃሽ ያላቸውን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቃላት አዘጋጅቶ በድረ ገጽ ቅጽ በኩል ሊልክ ይችላል። ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ ይከመራሉ፤ እያንዳንዱ አዲስ ቃል ከቀደሙት ሁሉ ጋር ስለሚወዳደር ሰርቨሩ ይታነቃል። ስኮት ክሮስቢና ዳን ዋላክ ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተው ነበር፤ ፐርል በዚያው ዓመት ተስተካከለ፣ ሌሎቹ ግን ቸል አሉ። በ2011 ታኅሣሥ ወር በርሊን በተካሄደ ጉባኤ አሌክሳንደር ክሊንክና ዩልያን ቬልደ ጥቃቱ ፒኤችፒን፣ ጃቫን፣ ፓይተንንና ሩቢን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች እንደሚሠራ ሲያሳዩ ነው ጥድፊያው የመጣ። ዣን ፊሊፕ ኦማሶንና ዳንኤል በርንስታይን በ2012 ያወጡት ሲፕሃሽ የተባለው ስሌት ለዚህ የተዘጋጀ ነው፤ ፓይተን በ3.4 ተቀበለው፣ ራስትም ከዚሁ ቤተሰብ ይጠቀማል። ጃቫ የጽሑፍ ሃሹን ስሌት በሰነዱ ላይ ለዓለም ስላወጀው ሊለውጠው አልቻለም፤ ስለዚህ በጃቫ 8 የተጨናነቀ መሳቢያ ሲያጋጥመው ውስጡን በዛፍ ቅርጽ እያደራጀ ፍለጋውን ያፋጥናል።

ይህ ሁሉ የይለፍ ቃል ከሚጠበቅበት ሃሽ ጋር መምታታት የለበትም። ስማቸው አንድ ነው፣ ሥራቸው ግን ሌላ፤ የዚያኛው ዓላማ ማንም ከቁጥሩ ተነሥቶ የይለፍ ቃሉን እንዳያገኝ ማድረግ ነው፤ ለዚያም ፍጥነትን ይሠዋል። የቴብሉ ሃሽ ግን በመሳቢያ ለመለየት ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ ቢጣል አይጎዳም። በፋይል መቀመጥ ያለበት ቁልፉ ራሱ ነው።

መልእክቱ ሲመጣ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሁለት ነገሮች መቼ አንድ ይባላሉ የሚለው ነው። የማረፊያዎቹ ቅደም ተከተል ትርጉም ካለው፣ ማለትም ከባሕር ዳር ዘጌና ከዘጌ ባሕር ዳር ሁለት መስመሮች ከሆኑ፣ ሊስቱ ወደ ተፕል ይለወጥ። ተራው ለውጥ የማያመጣ ከሆነና የነኳቸው ቦታዎች ብቻ ከተፈለጉ ፍሮዝንሴት፣ ማለትም ተራ የሌለው የማይለወጥ ስብስብ፣ ይሻላል። መስመሩ እየተለወጠም ያው መስመር ሆኖ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ዝርዝሩን ቁልፍ ከማድረግ ይልቅ የማይለወጥ የመስመር ቁጥር መስጠትና ማረፊያዎቹን በእሴቱ በኩል መያዝ ነው። የካርታ ነጥብ ከሆነ ዲግሪውን በአንድ ሚሊዮን አባዝቶ ወደ ሙሉ ቁጥር ማጠጋጋት ከብዙ ጣጣ ያድናል፤ 11.6 በዚህ መንገድ 11,600,000 ይሆናል፤ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች በአንድ ተፕል ሲታሰሩ ፓይተንም ሆነ ራስት ያለ ጥያቄ ይቀበላቸዋል።